«እምብዛም አያጋጥምም» የምርመራ ውጤት አይደለም

ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ አስታማሚዎች ቆመዋል። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ አንዳንዶቹ የመድኃኒት ደረሰኝ በእጃቸው ይዘው ይንጎራደዳሉ። በሩ ይከፈትና አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ሐኪም ብቅ ይላል። ጎድጓዳ ዕቃ ይዟል። «ይኸውላችሁ፣ ስታሰቃያቸው የነበረችው ይቺ ናት» ይላል። ዕቃው ውስጥ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል፣ ነጣ ያለ ሥጋ ተቀምጧል። ልጅ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታነሳለች። አጎት ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። «እሰይ፣ ተገላገለች!»

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ትዕይንት ለመገመት አይቸገርም። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ሐኪሙም ደክሟል፣ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን እዚያ በር ላይ አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። «ይቺ» የተባለችው ማን ናት? ስሟን ማን አረጋገጠ?

ጥያቄውን ደፍሮ ያነሳ ካለ መልሱ የተለመደ ነው። «ማዮማ ናት፣ አታስቡ።» ካንሰር ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ የገፋ ካለም ሁለተኛው መልስ ዝግጁ ነው። «እሱ እምብዛም አያጋጥምም።»

ስንት ሴት በዚህች ዓረፍተ ነገር ተሸኝታ ቤቷ ገብታለች? ከእነሱ ውስጥ ስንቷ ከዓመት በኋላ በሌላ ሕመም ተመልሳ መጥታለች? ይህን ማንም አይመልስም፤ ምክንያቱም ሳይመረመር የተጣለ ሥጋ ስታቲስቲክስ የለውም። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከረው። አንድ በሽታ «እምብዛም የለም» የሚባለው በእርግጥ ስለሌለ ነው ወይስ ፈላጊ ስላጣ?

መጀመሪያ ለሐኪሞቹ ፍትሕ እንስጥ። ማዮማ በእርግጥም በጣም የተለመደ ነው። ከማህፀን ጡንቻ የሚበቅል፣ ወደ ሌላ አካል የማይዛመት ዕጢ ነው። አሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከነጭ ሴቶች 70 በመቶ የሚጠጉት፣ ከጥቁር ሴቶች ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ማዮማ ይኖርባቸዋል። ብዙዎቹ መኖሩን እንኳ ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ «ማዮማ ነው» ብሎ የገመተ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል።

አደጋው ያለው ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ በመሆኑ ውስጥ ነው። መቶ ጊዜ ገምቶ መቶ ጊዜ የተሳካለት ሰው መቶ አንደኛዋን መመርመር እንደ ጊዜ ማባከን ይቆጥረዋል።

ከዚያው ከማህፀን ጡንቻ የሚነሳ ሌላ ዕጢ አለ፤ ሊዮማዮሳርኮማ ይባላል። የማህፀን ሳርኮማ ከሚባሉት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ሳርኮማዎች ሁሉ ተደምረው በማህፀን አካል ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች ከ100 ከ3 እስከ 7 የሚሆኑትን ብቻ ይይዛሉ። ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ጠባያቸው ክፉ ነው። ሊዮማዮሳርኮማ በደም በኩል ወደ ሳንባ መሄድ ይቀናዋል፤ ገና ማህፀን ውስጥ ታጥሮ ሳለ ቢወጣም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በአሜሪካ በጥቁር ሴቶች ላይ የሚታይበት መጠን ከነጮቹ እጥፍ ገደማ ነው።

ከውጭ ሲታይ ግን ከማዮማ ጋር መንትያ ነው። ሆድ ያሳብጣል፣ ደም ያፈሳል፣ ዳሌ ውስጥ ይከብዳል። ማዮማም እንዲሁ።

ታዲያ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መለየት አይቻልም ወይ? እውነቱ መራራ ነው፤ በእርግጠኝነት አይቻልም። አልትራሳውንድ ዕጢ መኖሩን፣ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ ጠባዩን ግን አይናገርም። ኤምአርአይ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፤ ጥርጣሬን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። በቀጭን ቱቦ ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚወሰደው ናሙና በሽፋኑ ላይ ለሚነሳ ካንሰር ጥሩ ነው፤ ጡንቻው ውስጥ የተቀበረውን ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ኤልዲኤች የሚባለው የደም ምርመራም ሊጨምር ይችላል፣ ግን በሌላ በብዙ ምክንያት ይጨምራል።

የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች አሉ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚያድግ «ማዮማ» አንዱ ነው፤ ማዮማ የሚመገበው ሆርሞን ሲቀንስ መኮማተር ነበረበት። ከማረጥ በኋላ ደም መፍሰስ ሌላው ነው። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን ለረጅም ጊዜ የወሰደች፣ ወይም ከዓመታት በፊት ዳሌዋ ላይ የጨረር ሕክምና ያደረገች ሴት የበለጠ ጥንቃቄ ይገባታል። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር ሳርኮማ የሚገኝባት ሴት አለች።

የመጨረሻው ዳኛ ማይክሮስኮፕ ነው። ፓቶሎጂስቱ ዕጢውን ከብዙ ቦታ ቆርጦ፣ በስስ ሸንሽኖ፣ ቀለም ነክሮ ያየዋል። የሴሎቹ መልክ ምን ያህል ተዛብቷል? በአንድ ክልል ውስጥ ስንት ሴሎች በመከፋፈል ላይ ናቸው? ዕጢው ውስጥ በራሱ የሞተ ክፍል አለ? እነዚህን ሦስቱን አመዛዝኖ ይፈርዳል። አንዳንዴ እሱም «ደግ ነው ክፉ ነው ለማለት ያስቸግራል» የሚል ውጤት ይጽፋል፤ እንዲህ ያለው ውጤት ራሱ ታካሚዋ ለዓመታት ክትትል ያስፈልጋታል ማለት ነው። በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶ «ማዮማ ናት» ማለት ግን ፍርድ ቤቱ ሳይቀመጥ ተከሳሹን በነፃ ማሰናበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ መደናገርም መጥራት አለበት። በኢትዮጵያ «የማህፀን ካንሰር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የማህፀን በር ካንሰርን ነው። ለእሱ ክትባት አለ፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በዘመቻ መሰጠት ጀምሯል። በአሴቲክ አሲድ የሚደረግ ቀላል ቅድመ ምርመራም አለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፣ ሊሰፋም ይገባዋል። ነገር ግን የማህፀን በሯን ተመርምራ «ነፃ ነሽ» የተባለች ሴት፣ ስለ ማህፀኗ ጡንቻ የተነገራት ነገር የለም። በሩን ፈትሾ ቤቱ ሰላም ነው እንደማለት ነው። «ባለፈው ዓመት ተመርምሬ ነበር እኮ» የሚለው መጽናኛ ለዚህኛው ዕጢ አይሠራም።

«እምብዛም አያጋጥምም» የሚለው ቃል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ወደ ቦስተን መሄድ ያስፈልጋል፤ ሐኪም፣ ማሽንና ገንዘብ ወደ ሞላበት ከተማ።

ዶክተር ኤሚ ሪድ የማደንዘዣ ሐኪም ነበሩ፤ የስድስት ልጆች እናት። ባለቤታቸው ዶክተር ሁማን ኑርቻሽምም የልብ ቀዶ ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 ዶክተር ሪድ ማዮማ ነው በተባለ ዕጢ ምክንያት ማህፀናቸውን ለማስወጣት ኦፕራሲዮን ገቡ። ኦፕራሲዮኑ በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራ ነበር። በቀዳዳው የማይወጣውን ትልቅ ሥጋ ለማውጣት «ፓወር ሞርሴሌተር» የሚባል፣ ሆድ ውስጥ እንዳለ ሥጋውን በሚሽከረከር ስለት የሚቆራርጥ መሣሪያ ጥቅም ላይ ዋለ። ከቀናት በኋላ የፓቶሎጂ ውጤቱ ሲመጣ ማዮማ የተባለው ዕጢ ሊዮማዮሳርኮማ ሆኖ ተገኘ። ስለቱ ካንሰሩን ፈጭቶ በሆድ ዕቃ ውስጥ በትኖት ነበር።

በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሐኪሞች ለታካሚዎቻቸው የሚናገሩት የአደጋ መጠን ከ10,000 ሴቶች አንዷ የሚል ነበር። ከ10,000 አንዷ! ማን ለዚህ ይጨነቃል? ባልና ሚስቱ ግን ዝም አላሉም። አንዷ በኬሞቴራፒ መሃል፣ ሌላው በየደብዳቤው፣ የሕክምናውን ዓለም «ቁጥራችሁ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የነበሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያያቸው፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2014 ያወጣው ቁጥር ሌላ ነበር። ለማዮማ ተብለው ኦፕራሲዮን ከሚደረጉ 350 ሴቶች አንዷ ያልተጠረጠረ ሳርኮማ አለባት። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን መሣሪያውን ከገበያ ሰበሰበ፤ ኖቬምበር ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ እጅግ ጥብቅ የሆነውን የማስጠንቀቂያ ዓይነት አወጣ። ዶክተር ሪድ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 2017 በ44 ዓመታቸው ዐረፉ።

ቁጥሩ ዛሬም ያከራክራል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሌሎች ትንተናዎች አነስ ያለ ግምት አውጥተዋል። ማስጠንቀቂያው ከወጣ በኋላ ሆድ ተከፍቶ የሚሠራው ኦፕራሲዮን ጨመረ፣ ከእሱ ጋር የሚመጣው ጣጣም ጨመረ ብለው የሚከራከሩ ሐኪሞች አሉ፤ ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። የማይካደው ነገር ግን አንድ ነው። ከ10,000 አንዷ ይባል የነበረው ከ350 አንዷ ሊሆን ይችላል የተባለው በሽታው በአንድ ሌሊት ስለተባዛ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ጠይቆ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ስለቆጠረ ነው።

«ይህ የአሜሪካ ታሪክ ነው» የሚል ይኖራል። «እዚህ አብዛኛው ማህፀን ሆድ ተከፍቶ፣ ሳይቆራረጥ ይወጣል። መሣሪያው ራሱ ብርቅ ነው።» እውነት ነው። ግን ከቦስተን የሚወሰደው ትምህርት የመሣሪያው ብቻ አይደለም። ዶክተር ሪድ በሽታቸውን ያወቁት የወጣው ሥጋ በወጉ ፓቶሎጂ ክፍል ስለደረሰ ነው። ለእሳቸው ውጤቱ የመጣው ዘግይቶ ነበር። ጎድጓዳው ዕቃ ላይ ታሪኳ ላለቀ ሴት ግን ውጤቱ ጭራሽ አይመጣም። ከሁለቱ የትኛዋ የከፋ ነገር ደረሰባት?

ሳርኮማ ቢታወቅስ ምን ይደረጋል፣ ያው አይድንም የሚል ሌላ ክርክር አለ። ይህን ተስፋ የመቁረጥ ክርክር የሚያፈርሰው ሁለተኛው የማህፀን ብርቅ ዕጢ ነው፤ ኮሪዮካርሲኖማ።

ኮሪዮካርሲኖማ የሚነሳው ከእንግዴ ልጅ ሴሎች ነው። ሞላር እርግዝና ከሚባለው፣ ፅንሱ በወጉ ሳይሠራ እንግዴ ልጁ እንደ ወይን ዘለላ ከሚያብጥበት ሁኔታ በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከተራ ውርጃ በኋላም ይመጣል። ጤነኛ ልጅ ከወለደች ሴት ላይም፣ ከወራት በኋላ፣ ይመጣል። በፍጥነት ይሮጣል፤ ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጎል ይደርሳል። እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ በኬሞቴራፒ ከሚድኑ ካንሰሮች ግንባር ቀደሙ ይህ ነው። በወቅቱ ከተደረሰበት መቶ በመቶ የሚጠጉት ሴቶች ይድናሉ፤ ብዙዎቹም ማህፀናቸውን ሳያጡ፣ በኋላም ወልደው።

ምርመራው ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ነው። ዕጢው ኤችሲጂ የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ በየፋርማሲው የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያ የሚፈልገውን ያንኑ ሆርሞን። ለዚህ ዕጢ ሥጋ መቁረጥ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ የተዛመተበትን ቦታ መቁረጥ ከባድ መድማት ስለሚያመጣ እንዲያውም ይከለከላል። የሚያስፈልገው ሆርሞኑን በደም ለክቶ ቁጥሩን መከታተል ነው።

አሁን አንዲት የ26 ዓመት ሴት እናስብ። ከአምስት ወር በፊት ወልዳለች ወይም አስወርዷታል። ደም አልቆም ብሏታል፣ ደግሞ ማሳል ጀምራለች፤ አክታዋ ደም አለው። ራጅ ስትነሳ ሳንባዋ ላይ ጥላ ይታያል። ቲቢ በበዛበት አገር የመጀመሪያው ሐሳብ ቲቢ ነው፤ ይህ ስህተት አይባልም። ስህተቱ የቲቢ መድኃኒቱ እየተዋጠ፣ አክታው ቲቢ አላሳይ እያለ፣ ደሙም እየፈሰሰ ማንም ሰው «እስቲ የእርግዝና ምርመራ ይደረግላት» አለማለቱ ነው። ያቺ የሽንት መመርመሪያ የምትጠይቀው ገንዘብ ከምሳ ዋጋ አይበልጥም። እርግጥ ስትሪፕ የመጨረሻ ቃል አይደለችም፤ ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ ስትሪፕ ልትሳሳት ስለምትችል የደም ልኬት ያስፈልጋል። ግን በሩን የምታንኳኳው እሷ ናት።

ይህ ዕጢ የዳነው በማን ግትርነት እንደሆነም ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ሚን ቹ ሊ እና ሮይ ኸርትዝ የተባሉ ሐኪሞች ሜቶትሬክሴት በተባለ መድኃኒት የተዛመተ ኮሪዮካርሲኖማ ማከም ጀመሩ። የሳንባው ጥላ ጠፋ። ሊ ግን ዕጢው ለዓይን ጠፋ ብሎ አላቆመም፤ ሆርሞኑ በምርመራ እስከታየ ድረስ በሽታው አለ ብሎ መድኃኒቱን ቀጠለ። አለቆቹ ታካሚን በመርዝ ማሰቃየት ነው ብለው ከሥራው አስወጡት። በኋላ ልክ እሱ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1972 የላስከር ሽልማት ከተሰጣቸው መካከል ኸርትዝና እሱ ይገኙበታል። «ጠፍቷል» የሚለውን ዓይን ሳይሆን «አለ» የሚለውን ልኬት ማመን የስንት ሴት ሕይወት አተረፈ!

እንግሊዞች ደግሞ ለጥቂቶቹ ሴቶች ሥርዓት ሠሩ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪታንያ ሞላር እርግዝና የተገኘባት ሴት በብሔራዊ መዝገብ ትመዘገባለች። ናሙናዋ ለንደን፣ ሼፊልድ ወይም ደንዲ ወዳሉት ማዕከሎች እየተላከ ሆርሞኗ ይለካል፤ ቁጥሩ አልወርድ ካለ ሕክምና ትጠራለች። በሽታው እምብዛም የማያጋጥም መሆኑ እዚያ መዝገብ የተከፈተበት ምክንያት ነው። እዚህ ለመርሳት ሰበብ የሆነው ያው ነገር ነው።

ወደ ኮሪደሩ እንመለስ። ሥጋው ከወጣ በኋላ ምን ይሆናል?

በደህናው ቀን ሲስተሯ ብቅ ትልና «የታካሚዋ አስታማሚ!» ብላ ትጣራለች። አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ታስረክባለች፣ ከወረቀት ጋር። «ይህን ላብራቶሪ አድርሱ፣ ውጤቱን እናንተው ታመጣላችሁ።» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአንዲት ሴት ዕጣ ፈንታ በፌስታል ተቋጥሮ በሚኒባስ ይጓዛል። አስታማሚው ከተማውን አያውቀው ይሆናል። ገንዘቡ ለመድኃኒት አልቆ ይሆናል። ነገ አደርሰዋለሁ ብሎ አልጋ ሥር ያስቀምጠው ይሆናል።

ሥጋ ደግሞ አይጠብቅም። ናሙና በፎርማሊን ካልተነከረ ከሰዓታት በኋላ መበስበስ ይጀምራል። ፎርማሊኑ 10 በመቶ መሆን አለበት፤ መጠኑም ከሥጋው 10 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ሥጋውን ሰርጎ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ማህፀን ሳይከፈት ጠባብ ዕቃ ውስጥ ቢጠቀጠቅ ውጭው ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል። ፓቶሎጂስቱ ሊቆጥራቸው የሚገባው በመከፋፈል ላይ ያሉ ሴሎች ያን ጊዜ አይነበቡም። ላብራቶሪ ደርሶ እንኳ «ናሙናው ለምርመራ ብቁ አይደለም» የሚል ወረቀት ይመጣል። ሁለተኛ ማህፀን ከየት ይመጣል?

በመጥፎው ቀን ደግሞ ዕቃም፣ ወረቀትም የለም። ከውርጃ በኋላ የተጠረገው ባልዲ ውስጥ ይገባል። የወጣው ዕጢ ፎቶ ተነስቶ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ስልክ ላይ የቀረው ፎቶ ለማንም ፓቶሎጂስት አይጠቅምም።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርቡ ምክንያቶች አሉ፤ አንድ በአንድ ይታዩ።

«ፓቶሎጂስት የለም።» ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም በትልልቅ ከተሞች ናቸው፤ እውነት ነው። ግን በፎርማሊን በወጉ የተቀመጠ ናሙና መንገድ አይፈራም። ቀናት ተጉዞ ይደርሳል። ሐኪሙ ወደ ገጠር መሄድ ባይችል ናሙናው ወደ ሐኪሙ መሄድ ይችላል። የአክታ ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ቲቢ ላብራቶሪ የሚጓጓዝበት አገር የማህፀንን ናሙና ማጓጓዝ አቃተኝ ሊል አይችልም።

«ገንዘብ የለም።» ኦፕራሲዮን ለማድረግ፣ ደም ለማዘጋጀት፣ አልጋ ለመያዝ ገንዘብ ተገኝቷል። የወጣው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ሲሆን ብቻ ነው ኪስ ባዶ የሚሆነው። ይህ የሚሆነው ምርመራው እንደ ተጨማሪ፣ እንደ ቅንጦት ስለሚታይ ነው። በር ሳይገጠምለት ተጠናቀቀ የሚባል ቤት የለም፤ ውጤት ያልመጣለት ኦፕራሲዮንም አልተጠናቀቀም።

«ታካሚዋን ማስደንገጥ ነው።» ይህኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ ርኅራኄ ስለሚመስል። «ማዮማ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እሱው ነው፤ ለማረጋገጥ ግን ውጤቱን እንጠብቃለን» ማለት ማንን ያስደነግጣል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ አባባል ለታካሚ ብቻ የተነገረ አይመስልም፤ ለሐኪምና ለሆስፒታልም ይሠራል።

«ሐኪሙ በሥራ ብዛት ደክሟል።» ደክሟል። ለዚህም ነው ነገሩ በሐኪሙ ደግነትና ትዝታ ላይ መንጠልጠል የሌለበት። ደግ ሐኪም ይደክማል፣ ይረሳል፣ ይዛወራል። ሥርዓት ግን የደከመውን ያስታውሰዋል።

ሥርዓቱ ምን ይምሰል? የሚጠየቀው ሰማይ የሚያርስ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ከማህፀን የሚወጣ ዕጢ፣ የሚወጣ ማህፀንና ሞላር ነው ተብሎ የተጠረጠረ ጠረጋ ያለ ፓቶሎጂ አይለፍ። የምርመራው ክፍያ ከኦፕራሲዮኑ ዋጋ ውስጥ ይካተት፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንም አብሮ ይሸፍነው። ለብቻው ሲጠየቅ የሚቀር ክፍያ አብሮ ሲጠየቅ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ናሙና በአስታማሚ እጅ መላኩ ይቅር። ሆስፒታሉ መዝግቦ ይላክ፣ ሆስፒታሉ ይቀበል። መዝገቡ ላይ «ተልኳል» የሚል አምድ ካለ አጠገቡ «ውጤቱ መጥቷል» እና «ለታካሚዋ ተነግሯል» የሚሉ ሁለት አምዶች ይኑሩ። ሦስቱ ሳይሞሉ ካርዱ አይዘጋ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ በጽሑፍ በታካሚዋ እጅ ይግባ። በሚገባት ቋንቋም ይነገራት። ዓመታት አልፈው ሌላ ሐኪም ፊት ስትቀርብ «ምን ነበር የወጣልሽ?» ስትባል «ዕጢ» ከማለት ሌላ ቃል ይኑራት።

አራተኛ፣ ሞላር እርግዝና የተገኘባት ሴት ሆርሞኗ ወደ ጤነኛው መጠን እስኪወርድና ወርዶም እስኪጸና ድረስ ክትትል ይደረግላት። በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዳታረግዝ መከላከያ ይሰጣት፤ አዲስ እርግዝና ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ የበሽታውን መመለስ ይሸፍነዋልና። ለእነዚህ ሴቶች አንድ አገራዊ መዝገብ መክፈት ፋብሪካ መገንባት አይደለም።

አምስተኛው ለቤተሰብ ነው። እዚያ በር ላይ የቆመው አጎት ምስጋናውን ካደረሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር። «ዶክተር፣ ለምርመራ ይላካል አይደል? ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ሐኪሙ አይቀየምም። ከተቀየመም ይቀየም። ጠበል የሚወስዳትም ይውሰዳት፤ ወረቀቷን ግን ይዛ ትሂድ።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያትም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ያ 80 በመቶ የሚለው ጥናት የተሠራው ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ ነው። እዚያ ኦፕራሲዮን የተቀጠረላት ሴት ጥያቄዋ ሌላ ነው። ዕጢው የሚወጣው ሙሉውን ነው ወይስ ተቆራርጦ? ተቆራርጦ ከሆነ እንዳይበተን በከረጢት ውስጥ ነው? በዕድሜዬ ሌላ አማራጭ የለም ወይ? የመድኃኒት አስተዳደሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሣሪያው ለተመረጡ ታካሚዎች ብቻ፣ ከከረጢቱ ጋር ብቻ እንዲሠራበት አሳስቧል። ጥያቄውን መጠየቅ መብቷ ነው፤ መብቷን ያስከበሩላት ደግሞ በዚያው በሽታ የሞቱ አንዲት እናት ናቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት የተነገረው እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ለሚያይ ሰው ነው። እዚህ የጠፋው ቅጠል አይደለም፤ ማየት ነው። ፎርማሊን አለ፣ ማይክሮስኮፕ አለ፣ የእርግዝና መመርመሪያ በየፋርማሲው ተሰቅሏል። የጎደለው ከጎድጓዳው ዕቃ እስከ ማይክሮስኮፑ ያለውን መንገድ የእኔ ሥራ ነው የሚል ተቋም ነው።

ከ350 አንዷ ወይም ከሺዎች አንዷ፤ ክርክሩ ይቀጥል። «አንዷ» የተባለችው ግን ስም አላት፣ ልጆች አሏት፣ ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቃት ሰው አላት። ለእሷ በሽታው «እምብዛም» አያጋጥማትም፤ ሙሉ በሙሉ አጋጥሟታል። ዛሬም በሩ ሲከፈትና ዕቃው ሲታይ፣ እሷ ትሁን ሌላዋ በዓይን አይቶ የሚያውቅ የለም። ይላክ፣ ይታይ፣ ይነገራት።